ጣራው ቀላል ነው ብላችሁ ፍሬሙን አታሳሱት

አንድ ወጣት በቅርቡ ጠየቀኝ። «ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፈው የፕላስቲክ ጣራ ሺት) ቀላል አይደል? ታዲያ ከስሩ ያን ሁሉ ብረት ምን ይሠራል?» ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ጀማሪ ሳለሁ ሜትር ይዤ የምከተለው አንድ ፎርማን ነበር። ብየዳም ጣራም ጠንቅቆ ያውቃል። የአንድ ግቢ መተላለፊያ በ10 ሚሊሜትር ፖሊካርቦኔት ልንሸፍን ነው። እሱ ፐርሊኖቹ (ሺቱን ከስር የሚሸከሙት አግዳሚ ብረቶች) በየ70 ሳንቲሜትር ይሁኑ አለ። አለቃው በየ1 ሜትር ከ40 ይበቃል ባይ ነው። ብረቱ በግማሽ ይቀንሳላ!

ፎርማኑ አልተቆጣም። ሁለት ጣውላ መሬት ላይ አጋደመ። ሺቱን አስቀመጠባቸውና መሃሉን በመዳፉ ተጫነው። እምብዛም አልጎበጠም። ከዚያ ጣውላዎቹን አራራቃቸው። በዚያው ጉልበት ሲጫነው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። «ርቀቱ እጥፍ ሲሆን፣ እንደ ንፋስ ሺቱን በሙሉ ለሚጫን ነገር መጉበጡ 16 እጥፍ ነው» አለ። አለቃው ሰዓቱን አየና «በሉ ቀጥሉ» ብሎ ሄደ።

አለቃው እንዳለው ተሠራ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ በየሺቱ መሃል ይተኛ ጀመር። ተዳፋቱም ትንሽ ነበር። እኔ ዛሬ ከ5 ዲግሪ በታች አልሠራም፤ በየሜትሩ ወደ 9 ሳንቲሜትር ዝቅታ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ንፋስ መጣ። ጠዋት ስንደርስ ብሎኑም ዋሸሩም ቦታቸው ላይ ናቸው። ሺቱ ነው ተቀዶ የወጣው። ብየዳውን እየዞርኩ አየሁት፤ አንድም የተላቀቀ የለም። ጥፋቱ ግን በፎርማኑ ተላከከ። «ብየዳው ነው» ተባለ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ልክ ነበርክ ያለው ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ልነግረው ፈልጌ የት እንዳለ የሚያውቅ አጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የ10 ሚሊሜትር ባለ ክፍተት (ውስጡ ቦይ ቦይ የሆነ) ሺት በካሬ ሜትር 2 ኪሎ አይሞላም። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ግን በካሬ ሜትር ወደ 55 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት አለው። ከላይ ሲያልፍ ይስባል፤ ጎኑ ክፍት በረንዳ ከሆነ ከስርም ይገፋል። ከባድ ጣራ በክብደቱ ይቋቋማል። ይሄ ክብደት የለውም። ፍሬሙ መሸከም ብቻ ሳይሆን ወደ ታች መያዝም አለበት። ስለዚህ ምሰሶው ከመሠረቱ ጋር በደንብ ይታሰር።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ጣራ ትሥላላችሁ። ግን ቀለሙን መርጣችሁ ስትጨርሱ ነው ስለ ብረቱ የምታስቡት። የአምራቹን የርቀት ሠንጠረዥ (ብረቶቹ በስንት ርቀት እንደሚቀመጡ የሚያሳየውን) አንብቡ፤ ከእሱ የተሻለ መካሪ የለም። ደግሞ ዝም ብላችሁም አትመኑት። ብዙው ሠንጠረዥ ሺቱ በአራቱም ጎን ተይዟል ብሎ ነው የሚነሳው። እናንተ በሁለት ጎን ብቻ ከያዛችሁት ቁጥሩ አይሠራም።

ሌላው ሙቀት ነው። 6 ሜትር ሺት በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 16 ሚሊሜትር ይረዝማል። ያ መተላለፊያ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲንጫጫ ትዝ ይለኛል። የብሎኑን ቀዳዳ ሰፋ አድርጉ፤ ዋሸሩንም ሺቱ እስኪሰረጉድ አታጥብቁ። የብረቱን የላይ ፊት ነጭ ቀቡት፤ ጥቁር ብረት ሙቀት ይይዝና ሺቱን ይጎዳል።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ የበረንዳህ ስፋት 6 ሜትር ነው ብለሃል። የምትገዛው ሺት 2 ሜትር ከ10 ስፋት ካለው፣ ወደ 6 ሜትር ከ30 አስፋውና ለመገጣጠሚያ ትንሽ ጨምርበት። ሦስት ሺት ሳይቆረጥ ይገባል። በየመገጣጠሚያው ስር አንድ ራፍተር (በተዳፋቱ አቅጣጫ የሚወርድ ብረት)፣ በየሺቱ መሃልም አንድ አድርግ። የሺቱ ቦዮች ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ይሁኑ። ብረት ከመቁረጥህ በፊት ሥዕሉን ላክልኝ፣ አየዋለሁ።