የሲጋራ መያዣ ናት ወይስ ፒፓ? ጥያቄና መልስ

ጀማው፣ ሰላም ናችሁ? የአባቴን የሲጋራ መያዣ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው ዘንቧል። ላላያችሁ፣ የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን ቱቦ ናት። በአንድ ጫፏ ሲጋራ ይሰካል፣ በሌላው ይሳባል። ደሴ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ስለቃቅም ነው የኖርኩት፤ የማውቀውን ልበል።

ይቺ እኮ ፒፓ ናት። ምን ሌላ ስም ያስፈልጋታል? (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ)

አይ ወንድሜ። ፒፓ ትምባሆው የሚጠቀጠቅበት የራሱ ጎድጓዳ አለው። ይቺ ያለ ሲጋራ ባዶ ቱቦ ናት። ጣሊያኖች ራሳቸው ይለዩዋቸዋል፤ ይቺን «ቦኪኖ» ነው የሚሏት፣ «ቦካ» ከሚለው፣ አፍ ማለት ነው። ካቻቢቴና ጎሚስታን ወስደን ቦኪኖን መተዋችን ይገርመኛል። ዐረቦች ደግሞ «መብሰም» ይሏታል። ዐረብኛ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተበሰመ፣ ፈገግ አለ። የፈገግታ ቦታ፣ ያው አፍ ነው። ሌላው ሁሉ በአፍ ሲሰይማት እኛ «መያዣ» ብለን ለእጅ ሰጠናት።

ከጋያ ጋር ትዛመዳለች?

በሩቁ። ጋያ ጭሱን በውሃ ያሳልፋል፣ ይቺ ደረቅ ናት።

ሲጋራውን በጣት መያዝ እያለ ምን አመጣት? (ከኮምቦልቻ)

ድሮ ሲጋራ ፊልተር አልነበረውም። ወረቀቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ ትምባሆው አፍ ውስጥ ይበተናል፣ ጣት ቢጫ ይሆናል። የአውሮፓ ሴቶች ደግሞ ነጭ ጓንታቸው ነበር የሚያሳስባቸው። ርዝመቷም እንደ ቦታው ነው፤ ለእራት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ለኦፔራ እስከ 50። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጥርሱ መሀል ነክሶ ሽቅብ የሚያቆማትን በፎቶ አይታችኋል። ባለ ፊልተር ሲጋራ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲስፋፋ ከፋሽን ወጣች።

አያቴ የተወችልኝ ቢጫ መያዣ አለ። አምበር ነው ይሉኛል። እንዴት ላረጋግጥ? (ከሰኞ ገበያ)

እህቴ፣ እስኪጣራ እንዳትሸጪው። አምበር ድንጋይ እስኪመስል የጠጠረ የጥንት የዛፍ ሙጫ ነው። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚያስሩትን ቢጫ ዶቃ ታውቂው የለ? እሱም ሁሉም አምበር አይደለም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምሪ፣ መሟሟት እስኪያቅተው ድረስ። አምበር ይንሳፈፋል፣ ባክላይት የሚሉት ፕላስቲክ ይሰምጣል። ግን የብረት ቀለበት ካለበት ፈተናው አይሠራም፤ ብረቱ እውነተኛውንም ይጎትተዋል። አልኮል ጠብ አድርገሽ ቢጣበቅ ደግሞ ገና ያልበሰለ ሙጫ ነው፣ ኮፓል የሚሉት። አልኮል ገጹን ሊያበላሽ ስለሚችል የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪው።

እኔም የአባቴን አምበር ናት እያልኩ ስንት ዓመት ጎርሬባታለሁ! አንድ ቀን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ በአውራ ጣቴ ሳሻት የመድኃኒት ሽታ ሸተተችኝ። ባክላይት! በ1907 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ፕላስቲክ። ኩራቴ እዚያው ሳህን ውስጥ ሰመጠ።

ጋሼ፣ በሱ ቢጨስ ጉዳቱ ይቀንሳል?

አብሽር ብልህ ደስ ባለኝ፣ ግን አይቀንስም። ፊልተር የሚገባባቸው አሉ፤ እነሱም ሲጋራን ደህና አያደርጉትም። የአባቴን ቱቦ በሽቦና በጥጥ ስጠርጋት ዝፍት የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ጥጡን ሦስቴ ቀየርኩ። እዚያ የቀረው ይሄን ያህል ከሆነ ያለፈውን አስበው። በነገራችን ላይ፣ መያዣ ይዣለሁ ብለህ ካፌ ውስጥ እንዳታጨስ፤ አዋጅ 1112/2011 ይከለክላል።

ስንት ትሸጣታለህ?

ጫፏ ላይ የአባቴ ጥርስ የጫረው ሁለት መስመር አለ። አልሸጥም።