አቤሜሌክ፦ «አባቴ ንጉሥ ነው» ወይስ «የንጉሥ አገልጋይ»?

ጥያቄ፦ ለሚወለደው ልጃችን በትንቢተ ኤርምያስ የተጠቀሰውን ኢትዮጵያዊ ስም፣ አቤሜሌክን፣ መርጠናል። አንዱ «አባቴ ንጉሥ ነው» ሲል ይፈታዋል፤ ሌላው «የንጉሥ ባሪያ» ይለዋል። ትክክለኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ፍቺዎች ትክክል ናቸው፤ የአንድ ስም ፍቺዎች ግን አይደሉም። «አባቴ ንጉሥ ነው» በኦሪት ዘፍጥረት የምናገኘው የጌራራው ንጉሥ የአቢሜሌክ ስም ፍቺ ሲሆን፣ ኤርምያስን ከጭቃው ጉድጓድ በገመድ ስቦ ያወጣው ጃንደረባ ግን በዕብራይስጡ ዔቤድ ሜሌክ ይባላል። «ዔቤድ» ባሪያ ወይም አገልጋይ፣ «ሜሌክ» ንጉሥ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል በነቢዩ አብድዩና በአብደናጎ ስሞች ውስጥ ይገኛል፤ የዐረብኛው «ዐብድ»ም ዘመዱ ነው። ግዕዝ ለዚህ ፍቺ «ገብር»ን ስለሚጠቀም፣ ስሙ ቢመለስ «ገብረ ንጉሥ» ይሆን ነበር። ሁለተኛው ቃል ግን ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ «አምላክ» እና «መለኮት» የወጡት ከዚያው ከመ-ለ-ከ ሥር ነው።

የ«ድ» ድምፅ ታዲያ የት ቀረ? የሰብዓ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም በትንቢተ ኤርምያስ ውስጥ «አብዴሜሌክ» ብሎ ጠብቆታል። ይኸው ሰው የበለስ ቅርጫቱን እንደያዘ 66 ዓመት መተኛቱን የሚተርከው ተረፈ ባሮክ በግሪክኛው «አቢሜሌክ» ይለዋል፤ የእኛም አጠራር የሚቀርበው ለዚህኛው ነው።

ቃሉ የማዕረግ መጠሪያ እንጂ የተጸውዖ ስም አይደለም የሚል አስተያየትም አለ። በእርግጥ በ1932 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን በተገኘው ያአዛንያሁ የተባለ ሰው ማኅተም ላይ «የንጉሡ አገልጋይ» የሚል ማዕረግ ተቀርጿል። ይሁን እንጂ ማኅተሙ «ዔቤድ ሃሜሌክ» ሲል፣ እንደ አማርኛው «ንጉሡ» የታወቀውን ንጉሥ የሚያመለክት «ሃ» ጨምሮ ነው፤ በኤርምያስ መጽሐፍ ያለው ግን ይህ «ሃ» የለውም። ስለዚህ እኔ እንደ ስም አነበዋለሁ።

ዕብራይስጡን ለመከተል ብላችሁ «አብደሜሌክ» እንድትሉት አልመክርም፤ «አብድ» በግዕዝ ቂል ማለት ነው፣ የአማርኛ ጆሮም «እብድ»ን መስማቱ አይቀርም፣ የትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ይህን ለማግኘት ሰዋስው አያስፈልጋቸውም። በ«ቤ» «አቤሜሌክ» ብላችሁ ጻፉት፤ በ«ቢ» ከተጻፈ ከጌራራው ንጉሥ ስም ጋር አንድ ይሆናል።