እናቷ እንቡጥ እንዳትይዝ፦ ስለ ክሪሳንተመም ካቲንግ ጥያቄና መልስ

ክሪሳንተመም የተባለውን አበባ ከዘር ሳይሆን ከካቲንግ፣ ማለትም ሥር እንዲሰድ ከሚተከል የተቆረጠ የቀንበጥ ጫፍ፣ የሚያባዙ ሰዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው። እናት ተክል የምንለው አበባው የማይፈለግ፣ ጫፍ እየተቆረጠለት ችግኝ እንዲሰጥ ብቻ የሚያዝ ተክል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ቢሾፍቱ ነኝ። በረንዳዬ ላይ ስድስት ክሪሳንተመም አሉኝ። ካቲንግ ልቆርጥ ስል ሁሉም ጫፍ እንቡጥ ይዟል። ማዳበሪያ አብዝቼ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዳበሪያው አይደለም፤ ሌሊቱ ነው። ክሪሳንተመም እንቡጥ የሚይዘው ሌሊቱ ሲረዝምበት ነው። የቀኑ ብርሃን ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ካነሰ ማበብ ይጀምራል። በአዲስ አበባና በአካባቢው ቀኑ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል፣ በሰኔ ደግሞ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቢደርስ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ክሪሳንተመም ዓመቱን ሙሉ ለማበብ የተዘጋጀ ነው። እናት አድርጎ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ሌሊቱን በመብራት ከመሀል መስበር አለበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በየቀኑ።

እንቡጥ የያዘውን ጫፍ ለካቲንግ አትጠቀሚበት። ሥር ቢሰድ እንኳ ቅርንጫፍ ሳያወጣ አጭር ሆኖ ያብብብሻል። ተክሎቹን ከአፈሩ 10–15 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጫቸው፤ ከታች ጤናማ ቅጠል መቅረቱን እያየሽ። መብራቱን በዚያው ሌሊት ጀምሪ። ከታችኛው አንጓ የሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ንጹሕ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት አምፖል? ስንት ዋት?

መልስ፦ ለሌሊቱ መብራት ኃይል አያስፈልግም። ተክሉ የሚፈልገው ምግብ የሚሠራበት ብርሃን ሳይሆን "ነግቷል" የሚያሰኘው ምልክት ነው። በጫፉ ደረጃ 100 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። ዘጠኝ ወይም አሥር ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከተክሉ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ነጣ ካለው ይልቅ ሞቅ ያለ ቢጫማውን፣ ማሸጊያው ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለውን ግዙ። ሌሊቱን የሚሰብረው በተለይ ቀዩ ብርሃን ነው፤ እሱ ደግሞ በቢጫማው ውስጥ ይበዛል። ብርሃኑን የምትለኩት ተክሎቹ ባሉበት አልጋ (መደብ) መሀል ሳይሆን በማዕዘኑ ላይ ይሁን። ቀድሞ እንቡጥ የሚይዘው ሁልጊዜ የማዕዘኑ ተክል ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል።

መልስ፦ አንድ ሌሊት ቢያመልጥ ተክሉ አይበላሽም። ጉዳት የሚያመጣው ተከታትሎ ሲያመልጥ ነው። መብራቱ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከመጣ ታይመሩ (አምፖሉን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ) 8 ሰዓት ላይ ቢያጠፋውም የቀረችው አንድ ሰዓት ከምንም ትሻላለች። የሌሊቱ መሀል ላይ የዋለ ብርሃን ከዳር ካለው ይበልጥ ይሠራል።

አስተማማኙ ግን ባትሪ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 10 ዋት በ4 ሰዓት 40 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ብትጠቀም አንድ ሌሊት ያሳልፍሃል፤ ባትሪውም ቶሎ አይሞትም። አምፖሉ ባለ 12 ቮልት ይሁን፤ ኢንቨርተር ውስጥ የሚባክን ኃይል አይኖርም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን የሚያዛባው በመርፌ የሚዞረው ታይመር ነው። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንተ ሳታውቅ አምፖሉ በሌሊቱ መሀል ሳይሆን ወደ ንጋት ተጠግቶ ይበራል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ በረንዳ የለኝም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንድ ክፍል ብቻ ማቆየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ አምፖሉ ምልክት ብቻ ሳይሆን ፀሐይም ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ 16 ሰዓት ይብራ። በጫፉ ላይ ቢያንስ 15,000 ሉክስ ያስፈልጋል፤ የስልክ የብርሃን መለኪያ ለግምት ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ቀንበጡ ይቀጥናል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ይረዝማል፣ የተቆረጠው ካቲንግ ሥር ሳይሰድ ከታች ይበሰብሳል፤ ስንቅ ስለሌለው ነው። ሙቀቱ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን። ትንሽ ማራገቢያ ቅጠሉን በቀስታ እያወዛወዘ ይዋል።

ጥያቄ፦ የተከልኳት እናት መጀመሪያ ጥሩ ካቲንግ ሰጠችኝ። አሁን በሦስተኛው ወር ግማሹ ሥር አይሰድም። የቆራረጥኩበት መንገድ ይሆን? ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ብታስረዳኝ።

መልስ፦ አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ካቲንጉ ሥር መስደዱና አለመስደዱ የሚወሰነው ትሪው ላይ ከመሰካቱ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት፣ እናቷ ላይ ቀንበጥ ሆኖ ሳለ ነው። ሥር ማውጫ ዱቄት የጠነከረ ቀንበጥን አያድንም።

ሥር የሰደዱትን ችግኞች በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትተክላለህ። ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ፣ ስድስት ሰባት ቅጠል ሲይዙ፣ የጫፉን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በጣት ትቀጥፋለህ። የጎን ቀንበጦች ይወጣሉ። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቆረጣ ይደርሳል። ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ሦስት የተዘረጋ ቅጠል ያለው ጫፍ ትወስዳለህ፤ እናቷ ላይ ደግሞ ከቀንበጡ ሁለት ቅጠል ታስቀራለህ። የሚቀጥለው ትውልድ የሚወጣው ከእነዚያ ሁለት ቅጠሎች ብብት ነው። አንድ ብቻ ካስቀረህ እናቷ ትሳሳለች፤ አራት ካስቀረህ ከፍ እያለች ውስጧ ይጨልማል።

ከዚያ በየሳምንቱ መዞር ነው፤ ካቲንጉ ባይፈለግም። "ገዢ እስኪመጣ ትቆይ" የሚባል ነገር የለም። የደረሰውን ቆርጠህ ጣለው። የተተወ ቀንበጥ ሁለት ነገር ያመጣል፦ ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ በጣም ከበዛ ደግሞ በመብራት ሥር እያለም እንቡጥ ይይዛል። መብራቱ ማበቡን ያዘገየዋል እንጂ ለዘለዓለም አያግደውም።

ለመለየት ቀንበጡን በሁለት ጣት ያዝና እጠፈው። "ጠቅ" ብሎ ንጹሕ ስብራት ከሰጠ ጊዜው ነው። ተጣጥፎ ልጡ ከተንጠለጠለ አልፎበታል። በጣም ለስልሶ ከተጨፈለቀ ገና ነው።

እናቷን ከአራት አምስት ወር በላይ አታቆያት። ተተኪዋን በሁለተኛው ወር፣ ገና ጉልበት ሳላት፣ ከምርጡ ቀንበጥ አዘጋጅ። የአንተ ሦስተኛ ወር ላይ ነው፤ ምናልባት አንዳንድ ዙር ዘለህ ይሆናል። ዝቅ አድርገህ ቁረጣትና ከአዲሱ ቀንበጥ ጀምር። የሚተከለው ትሪ ላይም መብራቱ አይቅር። ሥር እስኪሰድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሌሊቱ ካልተሰበረ ትሪው ላይ እንቡጥ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ዩሪያ ብቻ እሰጣለሁ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ትልልቅ ነው፤ ካቲንጉ ግን ይበሰብሳል።

መልስ፦ ናይትሮጅን ብቻ የበላ ተክል ውሃ ይሞላበታል፤ ገላው ልፍስፍስ ይሆናል። በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሺየም ያለበት) በሊትር አንድ ግራም ያድርጉ። ይህ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ሦስት ጊዜ ከማዳበሪያው ጋር፣ አራተኛውን ንጹሕ ውሃ፤ ከማሰሮው ሥር ትንሽ እስኪፈስ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.8 እስከ 6.5 ይሁን። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውሃቸው ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ከቢጫ ብረት አጥቷል ማለት ነው፤ ማዳበሪያ መጨመር አይፈታውም፣ ፒኤቹን ማውረድ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ አልጋ ላይ አንዳንዶቹ እናቶች ድንክ ሆነው ቀሩ። ቅጠላቸው ትንሽና ገርጣ ያለ ነው፤ ነፍሳት ግን አላየሁም። መቀሱን በአልኮል እጠርጋለሁ።

መልስ፦ ይህን በቁም ነገር ውሰጂው። ክሪሳንተመምን ድንክ የሚያደርግ ቫይሮይድ የሚባል በሽታ አምጪ አለ። ከቫይረስም ያነሰ ነው፣ የፕሮቲን ልባስ እንኳ የለውም። በመቀስ፣ በምላጭና በእጅ ላይ በቀረ ጭማቂ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል። ምልክቱ እስኪታይ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ከዚያች እናት የተቆረጠው ሁሉ ይዞት ይሄዳል። መድኃኒት የለውም። አልኮል ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ቫይሮይድን አያጠፋም። የሚያጠፋው በረኪና ነው፦ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ ተበጥብጦ። ሁለት መቀስ ያዢ፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ይነከር። ከሥራ በኋላ በውሃ ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል።

ድንኮቹን ከነሥራቸው ነቅለሽ አቃጥያቸው። ጎረቤቶቻቸው ጤነኛ ቢመስሉም ለእናትነት አይሁኑ፤ አበባቸውን ሸጠሽ ጨርሻቸው። የሚተኩት ከተመረመረ ምንጭ ይምጡ። ያሳዝናል፤ ግን አንዲት እናት አትርፎ መቶ ችግኝ መበከል ይበልጥ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ በክረምት ቅጠሉ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። ገልብጬ ሳየው ነጭ እብጠት ነው።

መልስ፦ ነጭ ዋግ ነው። ቅጠሉ አምስት ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይገባል፤ ቅዝቃዜ ያለበት እርጥብ አየር ይወዳል። የታመመውን ቅጠል ሳታራግፉ በላስቲክ ከረጢት ከታችሁ አስወጡና አቃጥሉ። ውሃ ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ብቻ። ማታ ቅጠል ላይ የሚረጭ ሰው ዋግን እየጋበዘ ነው። ብዙ አገሮች ዋጉ የተገኘበትን ጭነት አያስገቡም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በበጋ እዚህም ሌሊት መስበር ያስፈልጋል?

መልስ፦ በሰኔና በሐምሌ አያስፈልግም፤ ቀኑ እዚያ ከ14 ሰዓት በላይ ነው። ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምረህ እስከ ግንቦት መጀመሪያ አብራ። ከበረዶ በፊት ደግሞ ወደ ቤት አስገባት።

ጥያቄ፦ የቆረጥኩትን ካቲንግ ሳልተክል ማቆየት እችላለሁ?

መልስ፦ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ቅጠሉ ሳይረጥብ፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት። ጠዋት የተቆረጠ ይሁን። ሙዝና ቲማቲም ካለበት መደርደሪያ አርቀው፤ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠሉን ያስረጀዋል።