ከውጭ በመጣ አትክልት ውስጥ ስለሚገኙ ነፍሳት፦ ጥያቄና መልስ

በመሐል አዲስ አበባ ካሉ ሱፐርማርኬቶች ከውጭ አገር የመጣ ብሮኮሊ፣ አበባ ጎመንና ሰላጣ ገዝታችሁ ነፍሳት ያገኛችሁ አባላት በርካታ ጥያቄዎችን ልካችሁልኛል። የሠራሁት በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ስለሆነ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በላስቲክ ከተጠቀለለ ብሮኮሊ ግማሹን ቀቅዬ ለልጆቼ ካበላሁ በኋላ፣ በቀረው ላይ አመድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ነፍሳት ተጠጋግተው አየሁ። ልጆቼን ይጎዳቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይረጋጉ። የገለጹልኝ የጎመን ክሽክሽ ነው። አመድ የመሰለዎት ራሱ ነፍሳቱ የሚያመነጨው ሰም ሲሆን፣ የሚኖረውም የጎመን ዘር የሆኑ ተክሎችን ጭማቂ እየመጠጠ ነው። መርዝ የለውም፣ በሰው ሆድ ውስጥም አይራባም፤ ተቀቅሎ የተበላው ደግሞ ጨርሶ አያሳስብም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሽሪምፕ ሲበላ ሰውነቱ ለሚቆጣ ሰው ነው፤ ሽሪምፕና ነፍሳት ተመሳሳይ ፕሮቲን ስላላቸው እንዲህ ያለ ሰው ለነፍሳትም ሊቆጣ ይችላል። ነገሩ የትም አገር ያለ መሆኑን ለማሳየት ያህል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፋብሪካ የቀዘቀዘ ብሮኮሊን ጉድለት አለበት የሚለው በ100 ግራም ውስጥ በአማካይ 60 እና ከዚያ በላይ እንደ ክሽክሽ ያሉ ጥቃቅን ተባዮች ሲገኙበት ነው። ይህ የሆነው ሜዳ ላይ የበቀለን አትክልት ከነፍሳት ፈጽሞ ማጥራት ስለማይቻል ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ታዲያ ሲገባ አይመረመርም ማለት ነው?

መልስ፦ ይመረመራል። ላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ በእኛ በኩል ደግሞ የዕፅዋት ኳራንቲን ባለሙያዎች በመግቢያ ኬላዎች፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ጭምር ይፈትሻሉ። ሆኖም ፍተሻው በናሙና እንጂ እያንዳንዱን ራስ ብሮኮሊ እየፈለቀቁ አይደለም፤ ክሽክሽ ደግሞ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ በአበባው ቅርንጫፎች መካከል የሚሸሸግ ነው። ሌላው ምክንያት ቅዝቃዜው ነው። አትክልቱ በጉዞ ላይ ሳለ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ነፍሳቱ ይደነዝዛሉ እንጂ አይሞቱም፤ ወጥ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ ሲሞቃቸው ግን መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ስለዚህ መርማሪውም ሻጩም ያላዩትን እርስዎ ማየትዎ የማንንም ቸልተኝነት በራሱ አያረጋግጥም።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ)፦ በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ ቡናማ ሆነው ያበጡ፣ የማይንቀሳቀሱ፣ ታጥበውም የማይለቁ ቅንጣቶች አሉ። ዕንቁላል ናቸው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ያዩት ዕንቁላል ሳይሆን የሞተ ክሽክሽ ነው። አንዲት ደቃቅ ጥገኛ ተርብ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ አንድ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ይጨርሰውና ቆዳው ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቅንጣቷን በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱ በጀርባዋ በኩል በመርፌ የተወጋ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ተርቧ አድጋ የወጣችበት በር ነው። በጥፍርዎ ፍቀው ይጣሉት፤ ጉዳት የለውም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ፣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ነፍሳት ከተገኘበት መድኃኒት አልተረጨበትም ማለት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ልጄ። ዳይመንድባክ የሚባለው የእሳት እራት፣ ትሉ አረንጓዴ ሆኖ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጠው፣ ለፀረ ተባይ መድኃኒቶች በመላመድ በዓለም የታወቀ ነው። ዲዲቲን መቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1953 በጃቫ ደሴት የታየ ሲሆን፣ ዛሬ ደግሞ በየአገሩ ብዙ ጊዜ ተረጭቶበት ሳይሞት የሚቀረው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ትል ያለበት ጎመን በደንብ የተረጨ ሊሆን ይችላል፤ ትል የሌለበትም ሳይረጭ የተመረተ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከብዙዎች)፦ እንዴት እንጠበው? በጨው፣ በአቼቶ ወይስ በበረኪና?

መልስ፦ ብሮኮሊና አበባ ጎመንን ሳይቆርጡ ማጠብ ድካም ብቻ ነው። በትንንሹ ይቁረጡት፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረው አበባውን ወደ ታች ደፍተው ለሃያ ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በሚወርድ ውሃ ያለቅልቁት። ክሽክሽ በሰሙ ምክንያት ውሃ ስለማያርሰው በብዛት የሚያስለቅቀው የሚወርደው ውሃ ግፊት ነው። አቼቶም ይሠራል። በረኪና ግን ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም፤ ከአቼቶ ጋር ማቀላቀል ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር እጅግ አደገኛ ነው፤ እባካችሁ በቤት ለሚያግዟችሁም ንገሩ። ጨውና አቼቶ አሜባና ጃርዲያን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድሉም፤ በተበከለ የወንዝ ውሃ የበቀለ ሰላጣ ነፍሳት ካለበት ብሮኮሊ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል፤ የዚህ አስተማማኝ መፍትሔው ማብሰል ነው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ በጾም ወቅት ሳላውቅ ብበላውስ?

መልስ፦ ይህ የንስሐ አባትዎ ጥያቄ ነው፤ እኔ የምለው በደንብ ይጠቡት ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ከውጭ በመጣ ጎመን ውስጥ ሕይወት ያለው አረንጓዴ ትል አገኘሁ። ስነካው ወደ ኋላ እየተፈራገጠ በቀጭን ክር ተንጠለጠለ። ቅጠሉን በሙሉ ጓሮዬ ካለው ብስባሽ ላይ ጣልኩት። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ሁላችሁም እንድታነቡት የምፈልገው ይህንን ነው። አኳኋኑን ሲገልጹት የዳይመንድባክ ትል ይመስላል፤ እሱ እኛም አገር አለ። ነገር ግን የእኛ ገበሬዎች የሚጠቀሙበትን መድኃኒት የለመደ ዝርያ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ በዓይን ለይቶ ማወቅም አይቻልም። ጨርሶ አዲስ የሆነ ተባይ ሊሆን የሚችልበት ጊዜም አለ። ቲማቲምን የሚያጠቃው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የእሳት እራት መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ከታየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰሜን አፍሪካ በኩል እኛ ዘንድ ደርሶ የቲማቲም አምራቾችን ለከባድ ኪሳራ ዳርጓል። በትግራይ በለስን ያጠፋው ኮቺኒል የተባለው ነፍሳት ደግሞ ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ሆን ተብሎ የገባ ነበር። ዛሬ የከተማችን ሰው በጓሮውና በሰገነቱ ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም እየተከለ ነው፤ ብስባሽ ላይ የተጣለ ትል ምግቡን ከጎኑ ያገኛል ማለት ነው። ሆድዎን የማይጎዳው ነፍሳት የጎረቤትዎን ጓሮ፣ ከዚያም አልፎ የገበሬውን ማሳ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ብስባሹን ገልጠው ቅጠሉን ይልቀሙና በላስቲክ አጥብቀው አስረው ለጥቂት ቀናት በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ያቆዩት፤ ወይም የፈላ ውሃ ያፍሱበት። ለወደፊቱ ሕይወት ያለው ነፍሳት ያገኘ ሰው፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ባለሙያዎች ቢያሳይ ታላቅ ውለታ ይሠራል።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ ሱፐርማርኬቱ ገንዘቤን እንዲመልስልኝ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይጠይቁ፤ ደረሰኙን፣ የመጣበት አገርና የማሸጊያ ቀን የተጻፈበትን ላስቲክ፣ እንዲሁም የነፍሳቱን ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ። ላስቲኩን አይጣሉት፤ አስመጪውንና የመጣበትን ጭነት ለይቶ ለማወቅ የሚረዳው እሱ ነው።