ብሬክፖይንቱ ለምን አይቆምም? የቅዳሜ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነበር። አንድ ተማሪ አጠገቤ ተቀመጠ። ጭኑ ላይ ላፕቶፕ፣ መዳፉ ላይ ብሉ ፒል የሚሏት ትንሽ ሰማያዊ ቦርድ። የቦርድ ሥራ እንደምሠራ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ሐረጎ ሳንደርስ ስለ ዲበግ፣ ቦርድ ላይ የፕሮግራም ስህተት ስለማደን፣ ጥያቄውን ጀመረ። ኮምቦልቻ ወርደንም አላለቀልንም። እንግዲያው ቅዳሜ ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ ኑ አልኩት። መጣችሁ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲዞር የጠየቃችሁኝንና የመለስኩትን ይኸው ጻፍኩት። ትእዛዞቹን በፊደላችን ያሰፈርኳቸው ለንባብ ነው፤ ተርሚናል ላይ የምትተይቡት በእንግሊዝኛው ነው።

ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ ያለው ጂዲቢ (ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን የሚያሳየው ስህተት ማደኛ) ለተራ የሲ ፕሮግራም አሪፍ ይሠራል። የቦርዱን ፕሮግራም ስሰጠው ግን አላውቀውም ይለኛል። (የሚኒባሱ ተማሪ)

እውነቱን ነው፣ አያውቀውም። ላፕቶፕህ ኢንቴል ነው፤ ቦርድህ ደግሞ ኮርቴክስ ኤም3 የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር። ኡቡንቱ የጫነልህ ጂዲቢ የተዘጋጀው ለላፕቶፑ ነው። ጂዲቢ መልቲአርች የሚባለውን ጥቅል ጫን፤ እሱ የብዙ ፕሮሰሰር ቋንቋ ይችላል።

ግን ይህ ግማሹ ነው። ጂዲቢ ከቦርዱ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። መሃል ላይ አስተርጓሚ አለ፤ ኦፕን ኦሲዲ። ጂዲቢ ለኦፕን ኦሲዲ ይነግራል፣ ኦፕን ኦሲዲ በዩኤስቢ ለኤስቲ ሊንክ (ላፕቶፑን ከቦርዱ ጋር ለሚያገናኘው ትንሽ መሣሪያ) ይነግራል፣ ኤስቲ ሊንክ በሁለት ሽቦ ለፕሮሰሰሩ ይነግራል። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የትኛው ጋ እንደተቋረጠ ለይ። ብዙ ሰው ኤስቲ ሊንኩ ሳይሰካ ጂዲቢን ሲሳደብ ያመሻል።

ኦፕን ኦሲዲ ሁለት ፋይል ይፈልጋል። አንዱ ስለ ኤስቲ ሊንኩ፣ ሌላው ስለ ፕሮሰሰሩ፤ ላንተ ኤስቲኤም32ኤፍ1ኤክስ የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፤ መጀመሪያ የኤስቲ ሊንኩ። ከተሳካ ፖርት 3333 ላይ ጂዲቢን ይጠብቃል። ከዚያ ጂዲቢ ውስጥ ታርጌት ኤክስቴንድድ ሪሞት ብለህ ፖርቱን ትሰጣለህ፣ ሞኒተር ሪሴት ሃልት ብለህ ታቆመዋለህ፣ ሎድ ብለህ ትጭናለህ።

ሞኒተር የምትለዋን ቃል ልብ በላት። ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ለኦፕን ኦሲዲ ነው የሚደርሰው፤ ጂዲቢ አያየውም። ይህን ያልተረዳ ሰው ትእዛዙን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ሲወረውር ይውላል። ለጂዲቢ የምትሰጠው ፋይልም ፕሮግራሙን ከነስሞቹ የያዘው የኤልፍ ፋይሉ ይሁን። ቢን የሚለው ውስጥ የፋንክሽንና የቫሪያብል ስም የለም፤ ዕቃው ብቻ ነው ያለው።

ኦፕን ኦሲዲ ያልጠበቅኩት መለያ ቁጥር አገኘሁ ብሎ ይዘጋል። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

አብሽር፣ አልተቃጠለም። ቺፑ ኮፒ ነው። የሚጠብቀው ቁጥር በ1 ይጀምራል፣ ያገኘው በ2፤ የቀረው አንድ ዓይነት ነው። ልክ ነኝ? እኔም አምስት ቦርድ ገዝቼ አምስቱም እንዲያ ወጡ። ላያቸው ላይ የዋናው ፋብሪካ ምልክት ታትሟል። ሻጩን ብትጠይቀው እሱም አያውቅም።

ሲፒዩ ታፕ አይዲ የሚባል መቼት አለ። ከፕሮሰሰሩ ፋይል በፊት እዚያ ላይ ያገኘውን ቁጥር ስጠው። ለመማሪያ ኮፒው ይበቃል። ለደንበኛ የሚሄድ ሥራ ላይ ግን እኔ አላስገባውም።

ኦፕን ኦሲዲ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሲሆን ይሠራል፣ ያለ ሱዶ ፈቃድ የለህም ይላል።

ከኦፕን ኦሲዲ ጋር የሚመጣ የዩዴቭ ደንብ ፋይል አለ፤ ሊኑክስ ላይ የሚሰካን ዕቃ ማን መጠቀም እንደሚችል የሚወስን ነው። ወደ ዩዴቭ ሩልስ ፎልደር ቅዳው፣ ኤስቲ ሊንኩን ነቅለህ መልሰህ ሰካ። በሱዶ መኖር አትልመድ። ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ ጉዳዩ የድራይቨር ነው።

ስድስት ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እዚህ ይቁም የምልበት ምልክት) ድረስ ይቀበለኛል፤ ሰባተኛው ላይ እምቢ ይላል። (የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ)

ሲሊከኑ ውስጥ ያሉት ስድስት ናቸው። ላፕቶፕ ላይ ጂዲቢ የፕሮግራሙን ትእዛዝ ሚሞሪ ውስጥ በማቆሚያ ይተካዋል፤ ስለዚህ የፈለግከውን ያህል ይሰጥሃል። የቦርድህ ፕሮግራም ያለው ፍላሽ ላይ ነው፣ ከ08000000 ጀምሮ። ፍላሽ ደግሞ እንደ ራም በየደቂቃው አይጻፍበትም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ራሱ አድራሻ የሚያነጻጽርባቸው ስድስት ቦታዎች ብቻ ይኖሩሃል። ስድስቱንም አትጨርስ። ጂዲቢን ኔክስት (ወደ ቀጣዩ መስመር ሂድ) ስትለው ለራሱ አንድ ሊፈልግ ይችላል።

ይልቅ ዎችፖይንትን ተማር፤ አንድ ቫሪያብል ሲጻፍበት ፕሮግራሙን የሚያስቆም ነው። አራት አሉህ፣ ማንም አይነካቸውም። ደሴ ውስጥ ለአንድ ዳቦ ቤት የምድጃ መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር። ሙቀቱ 210 ሲል ቆይቶ ድንገት ዜሮ ይላል። ዜሮ ሲል ደግሞ ምድጃው በርዷል ብሎ ሂተሩን ይለቃል! ኮዱን ሁለት ቀን አነበብኩት። ምንም የለም። በመጨረሻ ዋች ብዬ የሙቀቱን ቫሪያብል ሰጠሁትና ለቀቅኩት። ዜሮ የጻፈውን ያዘልኝ፤ የዲስፕሌዩን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ፋንክሽን። 16 ፊደል የሚይዝ አሬይ ላይ አሥራ ሰባተኛ ይጽፋል። የጽሑፍ ማብቂያዋ ዜሮ ጎረቤቱ ቤት፣ የሙቀቱ ቫሪያብል ውስጥ፣ ገባች። ያን ኮድ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

አንድ ነገር፦ ዎችፖይንት የሚቆመው ከተጻፈ በኋላ ነው። የሚያሳይህን መስመር ብቻ አትመን፣ አንድ ሁለት ትእዛዝ ወደ ኋላ ተመልከት።

እኔ ደግሞ ቆም ብዬ ቫሪያብል ሳይ ቦርዱ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል። በኦፕን ኦሲዲ ቦታ የምጠቀመው ሌላ ሰርቨር ነው።

ዎችዶጉ ነው እህቴ። ፕሮግራምሽ በየጊዜው አለሁ ካላለው ሞቷል ብሎ ያስነሳዋል። አንቺ ስታቆሚው አለሁ የሚል የለም። የዲበግ መቆጣጠሪያ ሬጅስተሩ ላይ ቢት 8 እና ቢት 9 ሁለቱን ዎችዶጎች ከፕሮሰሰሩ ጋር ያቆማሉ። የኦፕን ኦሲዲ የኤፍ1 ፋይል ሲገናኝ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ ያንቺው ሰርቨር ካላደረገ በእጅሽ ጻፊው።

ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲቆም ፒኖቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሪሌይ (በፕሮሰሰሩ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በርቶ ከነበረ እንደበራ ነው። ያን ምድጃ ስመረምር ሂተሩ በርቶ ብሬክፖይንት ላይ ቆመ፣ እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ። ያነቃኝ ሽታው ነው። ከዚያ ወዲህ በሪሌዩ ቦታ አምፖል ሳልሰካ ዲበግ አላደርግም። አንቺም ሞተር ካለሽ ንቀይው።

ፍሪአርቶስ (ብዙ ሥራ እያፈራረቀ የሚያስኬድ ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ አራት ታስክ፣ ማለትም አራት ሥራ፣ አሉኝ። ጂዲቢ ግን አንድ ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

ዛሬ ከመጡት ጥያቄዎች የወደድኩት ይህን ነው። ለፕሮሰሰሩ ታስክ የሚባል ነገር የለም። አንድ ፕሮግራም ቆጣሪና አንድ ስታክ ነው የሚያውቀው። ታስኮቹ ፍሪአርቶስ ሚሞሪ ውስጥ የያዛቸው ዝርዝሮች ናቸው። ስለዚህ ኦፕን ኦሲዲ ዝርዝሮቹን እንዲያነብ መንገር አለብህ። የታርጌቱ መቼት ላይ አርቶስ አውቶ የሚል አለ፤ ጨምርበት።

ይህን አድርገህም እንቢ ሊል ይችላል። ዩኤክስ ቶፕ ዩዝድ ፕራዮሪቲ የምትባል ቫሪያብል ይፈልጋል። የዱሮው ፍሪአርቶስ ነበራት፣ በኋላ የመጡት አወጧት፣ የቅርቦቹ ደግሞ መልሰዋታል። ኦፕን ኦሲዲ ለዚሁ ብሎ አንድ ትንሽ የሲ ፋይል አብሮ ይሰጣል። ያንተው ፍሪአርቶስ ቫሪያብሏ ከሌለችው ፕሮጀክትህ ውስጥ ክተታት። እዚህ ላይ ሊንከሩ (የኮዱን ቁርጥራጮች አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው) ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ማንም የማይጠራት ቫሪያብል ስለሆነች ቆሻሻ ናት ብሎ ይጥላታል። አንዲፋይንድ በሚለው የሊንከር አማራጭ ስሟን ጥራለትና ያኑራት።

ደግሞ ሜይን ላይ ቆመህ ታስክ አትፈልግ። ታስኮቹን የሚያፈራርቀው ስኬጁለር ሳይነሳ አንድም ታስክ አታይም።

ቫሪያብሉን ሳትም ኦፕቲማይዝድ አውት ይላል።

ኮምፓይለሩ አጥፍቶታል። ኦ2 የሚለውን የኮምፓይለር አማራጭ አውጣና ኦጂ አድርገው፣ ጂ የሚለውንም አትርሳ።

ራስበሪ ፓይ 3 (መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር) ላይ ሊኑክስ አለኝ። ዩኔም የሚለው ትእዛዝ 64 ቢት ነው ይለኛል፤ ጂዲቢ ደግሞ ዝብርቅርቅና የጥያቄ ምልክት ብቻ ያወጣል። (ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ)

ዩኔም የሚነግርህ ስለ ከርነሉ፣ ስለ ሊኑክሱ እምብርት፣ ነው። ከርነሉ 64 ሆኖ ፕሮግራሞቹ 32 ሊሆኑ ይችላሉ። ፋይል በሚለው ትእዛዝ ፕሮግራምህን ራሱን ጠይቀው።

እዚህ ኦፕን ኦሲዲ አያስፈልግህም። ፓዩ ላይ ጂዲቢ ሰርቨር ታስነሳለህ፣ ከላፕቶፕህ ትገናኛለህ። የጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ከላይብረሪ ነው፤ ጂዲቢ የያዘው ላይብረሪና ፓዩ ላይ የሚሠራው ሳይገጥሙ ሲቀሩ። የፓዩን ላይብረሪዎች አንድ ፎልደር ቅዳና ሴት ሲስሩት ብለህ ፎልደሩን አሳየው። አዲሶቹ ጂዲቢዎች ራሳቸው ከፓዩ በኔትወርክ ይጎትታሉ፤ ግን ዋይፋይህ ደካማ ከሆነ ቡና አፍልተህ ትጠጣለህ። ፓዩን አፕዴት ባደረግክ ቁጥር ቅጂውንም አድስ።

አርዱይኖ ኡኖን በኤስቲ ሊንክ ዲበግ ማድረግ ይቻላል?

እስከ አር3 ድረስ ባሉት ኡኖዎች አይቻልም። ፕሮሰሰሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ።

ሰላም አለይኩም ወንድሜ። ሬዲዮና ቲቪ ስጠግን ኖሬ አሁን ልጄ ይህን አስጀመረኝ። አንዴ ፕሮግራም ጫንኩባት፤ ከዚያ በኋላ ቦርዷ ጭራሽ አትገናኝም። (የደሴ ጠጋኝ)

ወአለይኩም ሰላም ጋሽዬ። መጀመሪያ ሽቦዎቹን ይዩልኝ። የርካሾቹ ኤስቲ ሊንኮች የፒን አደረጃጀት ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ነው ማየት እንጂ ከኢንተርኔት ምስል መገልበጥ አይበጅም። ግራውንዱ ይገናኝ። ሽቦው ረጅም ከሆነ ያሳጥሩት፣ ወይም ኦፕን ኦሲዲ ላይ አዳፕተር ስፒድ የሚለውን የመገናኛ ፍጥነት ከ1000 ወደ 240 ያውርዱት።

አንዴ ሠርታ ከሆነ ግን ሽቦ አይመስለኝም። ፕሮግራሙን በኪውብ ኤምኤክስ (የቺፑን ፒኖች እያስመረጠ መነሻ ኮድ በሚጽፈው መሣሪያ) ነው ያዘጋጁት? እዚያ ሲስ የሚለው ክፍል ውስጥ ዲበግ የሚል ምርጫ አለ። ሲሪያል ዋየር ካላሉት ፕሮግራሙ ሲነሳ ሁለቱን የዲበግ ፒኖች ይዘጋቸዋል። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን እንደዋጠ ሰው ነው።

ቡት ዜሮ የሚለውን ጃምፐር ወደ 1 ያዙሩት፣ ሪሴቱን ይጫኑ። ያኔ የእርስዎ ፕሮግራም አይነሳም፤ ፋብሪካው የጫነው ነው የሚነሳው፣ እሱ ደግሞ ፒኖቹን አይዘጋም። ተገናኝተው ፍላሹን ያጥፉ። ጃምፐሩን ወደ 0 ይመልሱና ሲሪያል ዋየር ብለው እንደገና ይጫኑት። ጃምፐሩ ከጠፋብዎት ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ጀርባ የሚነቀለው ልኩ ነው፤ ሱቅዎ ውስጥ አይጠፋም።