«ሪፕላይ ሚ» ለምን አይባልም? የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

ጥያቄው «ሪፕላይ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ከየት መጣ? ከአንሰርና ከሪስፖንድ በምን ይለያል? ‹ሪፕላይ ሚ› ብሎ መጻፍስ ለምን ስህተት ይሆናል?» የሚል ነው። ከመጨረሻው ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

እኛ «መልስልኝ» ስንል «ልኝ» ራሱ ግሱ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ይህንኑ ልማድ ይዘን እንግሊዝኛ ስንጽፍ «ፕሊዝ ሪፕላይ ሚ» ይወጣል። ሪፕላይ ግን ሰውንም ሆነ ደብዳቤን በቀጥታ አያስከትልም፤ መሃል ላይ «ቱ» ግድ ነው፦ «ሪፕላይ ቱ ሚ»፣ «ሪፕላይ ቱ ማይ ኢሜይል»። «ቱ» የሚቀረው የመልሱ ይዘት ራሱ ሲከተል ነው፤ ለምሳሌ «ሺ ሪፕላይድ ዛት ሺ ወዝ ቢዚ»። ምንም ሳይከተለው ብቻውን ቢቆምም ያስኬዳል፦ «ሂ ዲድንት ሪፕላይ»። «ለጥያቄህ» የሚለውን «ለ» በ«ፎር» መተርጎምም ከዚሁ የሚመጣ ስህተት ነው፤ ስም ሆኖ ሲገባም «ኤ ሪፕላይ ቱ» ነው የሚባለው። «ሪፕላይ ባክ» ደግሞ ድግግሞሽ ነው፤ «ባክ» የሚለው ሐሳብ በቃሉ ውስጥ አስቀድሞ አለ።

ይህን ለማየት ወደ ላቲን እንሂድ። «ሬ» ወደ ኋላ፣ «ፕሊካሬ» ማጠፍ ማለት ነው፤ «ሬፕሊካሬ» ወደ ኋላ ማጠፍ። ቃሉ በድሮው ፈረንሳይኛ «ረፕሊዬ» በኩል አልፎ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግሊዝኛ ገባ። ዛሬም በፈረንሳይኛ «ረፕሊዬ» ማጠፍ ነው። እንግሊዝኛ የማጠፉን ትርጉም ትቶ የመመለሱን ብቻ ያዘ። አፕላይ፣ ኢምፕላይ፣ መልቲፕላይና ኮምፕሊኬትድ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። መልቲፕላይን ለማስታወስ አማርኛችን ራሱ ያግዛል፦ «ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ» ስንል «እጥፍ» የመጣው «አጠፈ» ከሚለው ነው። በአጻጻፍ ስለተመሳሰሉ ግን ሰፕላይንና ኮምፕላይን እዚህ ውስጥ መክተት አይገባም፤ የእነሱ ምንጭ መሙላት የሚል ትርጉም ያለው ሌላ የላቲን ግስ ነው።

በሮማ ሕግ «ሬፕሊካቲዮ» የሚባል ነገር ነበር፤ ከሳሽ፣ ተከሳሹ ላቀረበው መቃወሚያ የሚሰጠው ምላሽ ነው። በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋም ተከሳሽ የሚያቀርበው «አንሰር» ወይም «ዲፌንስ» ሲሆን፣ ከሳሽ ለዚያ የሚመልሰው «ሪፕላይ» ይባላል። የእኛ ፍርድ ቤቶች «የመልስ መልስ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እጅግ የተዋጣ ስያሜ ነው። የፍርድ ቤት ሰነድ የምትተረጉሙ ሁለቱን አታቀያይሩ፤ ከተቀያየሩ ማን ለማን እንደመለሰ ይጠፋል።

አንሰር ከእነዚህ ሁሉ የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «አንድስዋሩ» ሲሆን «አንድ» የሚለው ክፍል «በ... ላይ፣ በተቃራኒ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ከመማል፣ ከዛሬው «ስዌር»፣ ጋር ይዛመዳል። መነሻው ለቀረበ ክስ በመሐላ የሚሰጥ ማስተባበያ ነበር። ስንጽፈው የሚገባውና ስናነበው የሚዋጠው «ደብልዩ» የዚያ መሐላ ቅሪት ነው። አንሰር ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል፦ «አንሰር ሚ»፣ «አንሰር ዘ ኩዌስችን»። ስልክ ሲጠራና በር ሲንኳኳም አንሰር እንጂ ሪፕላይ አይባልም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከሰው በፊት «ቱ» ስትጨምሩበት ትርጉሙ ይለወጣል። «አይ አንሰር ቱ ዘ ዳይሬክተር» ማለት «ተጠሪነቴ ለዳይሬክተሩ ነው» ማለት ነው። «አንሰር ፎር» ከሆነ ደግሞ ለጥፋት ተጠያቂ መሆን ነው።

ሪስፖንድም የላቲን ልጅ ነው፤ «ስፖንዴሬ» ቃል መግባት ማለት ሲሆን፣ አማርኛ ውስጥ የለመድነው «ስፖንሰር» ከዚሁ የመጣ ነው። እንደ ሪፕላይ «ቱ» ይፈልጋል። ስፋቱ ግን ከቃል ያልፋል፦ ሕመምተኛ ለመድኃኒት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለጥሪ «ሪስፖንድ» ያደርጋል። ሪፕላይን «መልስ»፣ ሪስፖንድን «ምላሽ» ብላችሁ ብትተረጉሙ ብዙ ጊዜ ይሰምራል። በተቃራኒው አቅጣጫ ግን አማርኛውን ሳያዩ መገልበጥ አይቻልም፤ ታክሲ ውስጥ የምንጠይቀው መልስ «ቼንጅ» ነው፣ ከሠርግ በኋላ የሚደገሰውን መልስ ደግሞ በሦስቱም ቃላት መተርጎም አይቻልም።

ሪፕላይ በኃላፊ ጊዜ ሲጻፍ መጨረሻ ያለው «ዋይ» ወደ «አይ» ይለወጣል፤ «አይኤንጂ» ሲጨመርበት ግን እንዳለ ይቀራል። በሥራ ማመልከቻ ላይ በብዛት የሚታየው ግድፈት ሌላ ነው፦ «ኤል» እና «ዋይ» መካከል አንድ «ኤ» ይገባና ቃሉ «ሪፕሌይ» ይሆናል። የጎሉን ድጋሚ ምስል እየጠበቃችሁ ነው ማለት ነው። የኮምፒውተሩ የፊደል አራሚም አይይዘውም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። ከመላካችሁ በፊት በዓይናችሁ ፈልጉት።