«ልጄ መጽሐፉን ዘግታ አለቀሰች»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ የልጆች ልብ ወለድ ናቸው። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ያነቡታል። የሎይስ ላውሪ «ነምበር ዘ ስታርስ» («ከዋክብትን ቁጠር» እንደ ማለት) ነው፣ በ1989 የታተመው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ላላነበባችሁት፣ ዘመኑ 1943፣ ከተማው ኮፐንሃገን ነው። ናዚዎች አይሁዶችን ሊያፍሱ ነው። የአሥር ዓመቷ አንማሪ ወላጆች ጓደኛዋን ኤለንን «ልጃችን ናት» ብለው ይደብቋታል። ከዚያ ዓሣ አጥማጁ አጎቷ ኤለንንና ቤተሰቧን በጀልባው ደብቆ ስዊድን ያሻግራቸዋል።

«ልጄ መጽሐፉን ዘግታ አለቀሰች። ‹እውነት ነው?› እያለች ታስጨንቀኛለች። ምን ልበላት?» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ አንማሪና ኤለን ልብ ወለድ ናቸው። ታሪኩ ግን የሆነ ነው። ጀርመን ዴንማርክን የያዘችው ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ነው። አፈሳው የተጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1943 ሌሊት፣ በአይሁዶች አዲስ ዓመት ነበር። ዱክቪትስ የሚባል በኮፐንሃገን የጀርመን ኤምባሲ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ቀድሞ ምስጢሩን ለዴንማርክ ፖለቲከኞች ነገራቸው። ሴፕቴምበር 29 ጠዋት የአይሁድ ሃይማኖት መሪው ራቢ ማርኩስ ሜልኪዮር ምኩራብ ለመጣው ሰው ሁሉ ቶሎ እንዲደበቅ፣ ለሌላውም እንዲያደርስ ነገረ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ ዓሣ አጥማጁ ተረባረበ። ከ7,000 በላይ አይሁዶች በባሕር ስዊድን ገቡ።

ሁሉም ግን አልተረፉም። ወደ 470 የሚሆኑት ተይዘው ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው የናዚዎች ማጎሪያ ተወሰዱ። የአንማሪ አጎት በሚኖርባት የባሕር ዳርቻ ከተማ በጊለላይ እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ተደብቀው የነበሩ ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎችን ጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ይዟቸዋል። ይህን አትደብቂያት። ያለቀሰችው ስለገባት ነው።

«የዴንማርክ ንጉሥ ራሳቸው ቢጫውን ኮከብ ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

አይደለም። ቢጫው ኮከብ ናዚዎች በሌሎች አገሮች አይሁዶች እንዲለዩበት የሚያስደርጓቸው ምልክት ነበር፤ ዴንማርክ ውስጥ ግን እንዲያደርጉት ታዘው አያውቁም። ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ ያለ ጠባቂ በፈረስ ከተማውን ይዞሩ የነበረው ግን እውነት ነው፤ መጽሐፉም ያነሳዋል።

«ቤታችን ውስጥ ውሸት ነውር ነው። መጽሐፉ ግን የሚዋሹትን ጀግና ያደርጋቸዋል። ልጄን ምን እያስተማረው ነው?» አባት፣ ከዳላስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነህ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉም ይዋሻል። ወታደሮቹ ሌሊት ቤት ገብተው የኤለንን ጥቁር ፀጉር ሲጠራጠሩ፣ የአንማሪ አባት ከአልበሙ የልጆቹን የሕፃንነት ፎቶዎች ቀዶ ያሳያቸዋል። ታላቋ ልጃቸው ሊሴ ስትወለድ ፀጉሯ ጥቁር ነበር። ሊሴ ግን ሞታለች። አባትየው የሞተች ልጁን ስም ለጎረቤት ልጅ ሰጣት። እኔ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆማለሁ። ቢነቃበት ኖሮ የሚጠፋው የራሱ ቤት ነበር።

ረዓብን አስታውስ። ሰላዮቹን ጣራዋ ላይ ደብቃ፣ ከንጉሡ የተላኩትን «ሄደዋል» አለቻቸው። ቅጣት ፈርቶ የሚዋሽ ልጅና ሰው ለማትረፍ ራሱን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ልጅህ ከአንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ደግሞም አንማሪ ራሷ ቤተሰቦቿ እንደዋሿት ስታውቅ ትናደዳለች። አጎቷ ሁሉንም ካላወቁ ጀግና መሆን እንደሚቀል ይነግራታል። ልጅህን «አንተ ብትሆን እንዲነግሩህ ትፈልግ ነበር?» ብለህ ጠይቀው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማው።

«የልጅ ልጄ በአማርኛ ተረከችልኝ። ሰው ሳይሞት ለቅሶ ይቀመጣሉ አለችኝ። ሬሳ በሌለበት ምን ሣጥን ነው?»

እማማ፣ ሣጥኑ ውስጥ ብርድ ልብስና ወፍራም ልብስ ነበር፣ በባሕር ለሚሻገሩት። «ቢርተ የሚሏት አክስት ሞተች» ብለው የተሰበሰቡት ሰው ሲበዛ እንዳይጠረጠር ነው። ወታደሩ ሣጥኑ ይከፈት ሲል የአንማሪ እናት «በታይፈስ ነው የሞተችው» ብላ ታስቆመዋለች። በዚያ ሌሊት የሚነበበው እርስዎ የሚያውቁት ዳዊት ነው፤ እግዚአብሔር ከዋክብትን እንደሚቆጥርና በየስማቸው እንደሚጠራቸው የሚናገረው። በእኛ ዳዊት መዝሙር 146 ነው፣ በእንግሊዝኛው 147። የመጽሐፉም ስም ከዚያ ነው የመጣው። ለልጅ ልጅዎ በቃልዎ ይበሉላት።

«መሀረቡ ምን ያደርጋል? ኤለንስ ተመለሰች?» የ11 ዓመት አንባቢ

የኔ ጎበዝ፣ አንማሪ ጫካውን አቋርጣ ለአጎቷ ያደረሰችው መሀረብ፣ ወታደሮቹ ጀልባ የሚያስፈትሿቸውን ውሾች አፍንጫ የሚያደነዝዝ ነገር ነበረበት። ይህ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። የደረቀ የጥንቸል ደምና ኮኬይን ተቀላቅሎ ይሠራ ነበር። ውሻው ደሙን ሲያሸት ይጠጋል፤ ከዚያ ለጊዜው ሌላ ሽታ መለየት ያቅተዋል፤ ጀልባ ውስጥ የተደበቀውንም ሰው አያገኝም።

ኤለን ስትመለስ መጽሐፉ አያሳየንም። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ግን ስዊድን የነበሩት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹም ቤታቸውን ጎረቤት ጠብቆላቸው አገኙት። የአንማሪም እናት የኤለንን ቤት አቧራ ስትጠርግ፣ አበባውን ውኃ ስታጠጣ፣ መቅረዙን ስትወለውል ቆይታለች። የኤለን የዳዊት ኮከብ ሐብል ደግሞ በሊሴ ቢጫ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ተደብቋል። አንማሪ አውጥታ አባቷን «ትጠግነዋለህ?» ትለዋለች። ኤለን እስክትመጣ እሷው ልታጠልቀው ነው።